ያላየነውን ዘመን ስለ መናፈቅ

በግቢያችን አንድ አዲስ ትካዜ ገብቷል። ማታ በመኝታ ቤት፣ ቀን በሻይ ቤት፣ ስለ ቀድሞው የኢንተርኔት ዘመን ሲወራ እንሰማለን። በጥቁር መስኮት ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚሮጥበት፣ ኮምፒዩተር በስልክ መስመር እየጮኸ ከሩቅ ወንድሙ ጋራ የሚገናኝበት፣ ሀከሮችም በቅጽል ስም ብቻ እየተጠራሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚያወጉበት ዘመን ይነሣል። ከዚያም «ያ ሁሉ ቀረ» የሚል ረጅም ትንፋሽ ይከተላል። የሚያስገርመው ግን ከሚተክዙት መካከል ያን ዘመን በዓይኑ ያየ አለመኖሩ ነው። አብዛኞቻችን የተወለድነው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በዚህ የሚስቁ አሉ። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚለውን ተረት ጠቅሰው ትካዜው ከፊልም የተቀዳ ነው ይላሉ። እኛ ግን ነገሩን በችኮላ መጣል አንፈልግም። ሰው ያላየውን ዘመን ሲናፍቅ ብዙ ጊዜ የሚናፍቀው ዘመኑን ሳይሆን ከዛሬ ኑሮው የጐደለውን ነገር ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ የጐደለን ምንድን ነው? ይህን ካላወቅን ትካዜያችን ትካዜ ሆኖ ይቀራል። ካወቅነው ግን ሥራ ሊወጣው ይችላል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ዛሬ በአገራችን «ሀክ ተደረግሁ» የሚል ሰው ሌባ ገብቶበት ነው። ዳሩ ግን ቃሉ ሲወለድ የተማሪ ቃል ነበር። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1950ዎቹ ዓመታት የአነስተኛ ባቡር ሞዴል የሚሠሩ ተማሪዎች ክበብ ነበረ። ከአባሎቹ አንዳንዶቹ ባቡሮቹን ቀለም መቀባትና ማስጌጥ ይወዱ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ገብተው ባቡሮቹን የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦና የስልክ ዕቃ ውስብስብ ሲፈቱና ሲገጥሙ ይውሉ ነበር። በነዚህ ዘንድ ብልኃት ያለበትና ለሥራው ደስታ ተብሎ የተሠራ ነገር «ሀክ» ይባል ነበር። ሀከርም ማለት የነገሩን ውስጥ ሳያይ የማይተኛ ሰው ማለት ነበር።

በዚያን ጊዜ በተቋሙ የነበረው ትልቅ ኮምፒዩተር አይ ቢ ኤም 704 ነበር። ተማሪው ሊጠጋው አይፈቀድለትም። ፕሮግራሙን በካርድ ላይ አስበስቶ ለጠባቂዎቹ ያስረክባል፤ መልሱንም ብዙ ሰዓት ቈይቶ ይቀበላል። በ1958 ግን ቲ ኤክስ ዜሮ የተባለች ኮምፒዩተር መጣችና ተማሪው ራሱ ከፊቷ ተቀምጦ እንዲሠራ ተፈቀደለት። ልጆቹም ተራ የተያዘበት ሰው የቀረ እንደሆነ ለመግባት ሌሊት እየጠበቁ ይሠሩ ጀመር። በ1961 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ ፒ ዲ ፒ 1 የተባለችውን ኮምፒዩተር ለተቋሙ ሰጠ፤ በ1962ም ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ በርሷ ላይ «ስፔስዎር» የተባለውን የጠፈር መርከቦች ጨዋታ ሠሩ። አንዱ የሰማዩን ከዋክብት በእውነተኛ ቦታቸው ጨመረበት፤ ሌላው የኮከብን ስበት ጨመረበት። ፕሮግራሞቹ የተበሱበት የወረቀት ጥብጣብ ለማንም ክፍት በሆነ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። የፈለገ ያወጣል፤ ያነባል፤ የተሻለ መስሎ የታየውን ያክልበታል። ይህን ክፍት መሳቢያ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደርሱ እንመለሳለንና።

የወጉም ታሪክ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ አይወጣም። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ የተባለ ለማስተማሪያ የተሠራ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነበረ። በ1973 ዳግ ብራውንና ዴቪድ ዉሊ የተባሉ ወጣቶች «ቶኮማቲክ» የተባለውን የመነጋገሪያ ፕሮግራም በዚያ ላይ ሠሩ። በዚህ ክፍል ውስጥ ተነጋጋሪዎቹ የሚጽፉት ቃል ፊደል በፊደል ለሁሉም ይታይ ነበር፤ ሰውዬው ሲያመነታም፣ ተሳስቶ ሲሰርዝም ይታያል። ከዚያም በነሐሴ 1988 በሰሜን ፊንላንድ በሚገኘው በኦሉ ዩኒቨርሲቲ ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ተማሪ አይ አር ሲ የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ይህ እስከ ዛሬ ድረስ የሚሠራው የወግ መስመር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ቃሉን ይቀባበላሉ። ማንም ሰው የወግ ክፍል ለመክፈት ስሙን መጻፍ ብቻ ይበቃዋል፤ መጀመሪያ የገባውም የክፍሉ ኃላፊ ይሆናል። ገንዘብ አይጠየቅም፤ ማስታወቂያ የለም፤ ማን ከማን ጋራ እንዳወጋ ቈጥሮ የሚሸጥም ነጋዴ አልነበረም። ፊት አይታይም፤ ማዕረግም አይታይም። ፕሮፌሰሩና የአንደኛ ዓመት ተማሪው እኩል አንዲት መስመር ነበራቸው፤ የሚከበረውም ደኅና መልስ የሰጠው ነበር። በነሐሴ 1991 በሞስኮ በጐርባቾቭ መንግሥት ላይ ግልበጣ ሲሞከር የአገሩ ራዲዮና ጋዜጣ ቢታፈንም፣ በከተማው ውስጥ የነበሩ ሰዎች የሚያዩትን በዚሁ መስመር ወደ ውጭ ያስተላልፉ ነበር። በዚያው ወር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ለራሱ ደስታ የኮምፒዩተር ማስተዳደሪያ ፕሮግራም እየጻፈ መሆኑን በአንድ የውይይት ቡድን ፊት ገልጦ አስተያየት ጠየቀ። ያ ፕሮግራም ሊኑክስ ነው። ዛሬ በእጃችን ካሉት ስልኮች ብዙዎቹ አንድሮይድ በተባለው አማካይነት የሚሠሩት በርሱ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አዲስ ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባና ወደ ውይይት ቡድኖቹም ይፈስ ነበር። ነባሮቹ ይቈጡታል፤ ይመክሩታል፤ ጥቂት ሳምንት ቈይቶም ወጉን ይለምዳል። ነገር ግን ከ1993 ጀምሮ የንግድ ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው ሁሉ በሩን ስለከፈቱ የአዲስ ገቢው ጐርፍ ከዓመት እስከ ዓመት የማይቋረጥ ሆነ። ስለዚህ ነባሮቹ ጊዜውን «ማለቂያ የሌለው መስከረም» ብለው ሰየሙት። ናፋቂዎች ውድቀቱ የጀመረው በዚህ ቀን ነው ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሕዝብ ወደ ቤቱ መግባቱ ውድቀት ሊሆን አይችልም። እኛም የገባነው በዚያው በር ነው። የጠፋው ነገር ሌላ ነው።

ወደርሱ ከመድረሳችን በፊት የዘመኑን ነውር ሳንሸሽግ እንናገር፤ ጐደሎውን ደብቆ የሚያወድስ አዝማሪ እንጂ ተማሪ አይባልምና። ያ ዘመን የጥቂቶች ዘመን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሀከሮች ከሞላ ጐደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። የሚሠሩባቸው ኮምፒዩተሮች ዋጋ በብዛት የሚከፈለው ከአሜሪካ መከላከያ ገንዘብ ነበር። ኦይካሪነን ፕሮግራሙን ሲጽፍ ኢትዮጵያዊው ተማሪ በአገሩ ተቀምጦ ወደዚያ ክፍል የሚገባበት በር አልነበረውም፤ ኢንተርኔት በሙሉ አገልግሎት ወደ አገራችን የገባው በ1997 ነው። በወግ ክፍሎቹም ውስጥ ስድብና ግፍ ነበረ። በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል ያለው መስመር ሲበጠስ ጠብቆ ባዶ በቀረው ወገን ገብቶ ኃላፊ የሚሆን፣ መስመሩ ሲቀጠልም ባለቤቶቹን ከገዛ ክፍላቸው የሚያባርር የክፍል ሽፍታ ብዙ ነበር።

ከዚህም የባሰ ነገር ነበረ። ኅዳር 2 ቀን 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሮበርት ሞሪስ ራሱን እያባዛ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚሄድ ፕሮግራም ለቀቀ። ፕሮግራሙ ከታሰበው በላይ ተባዝቶ ወደ 6,000 የሚገመቱ ኮምፒዩተሮችን አሽመደመደ። ወጣቱ በ1990 ተፈርዶበት የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ 400 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር መቀጫ ተቀበለ። በምዕራብ ጀርመን ደግሞ ጥቂት ወጣቶች በአሜሪካ ኮምፒዩተሮች ውስጥ እየገቡ ያገኙትን ለሶቪየት የስለላ ድርጅት ለኬ ጂ ቢ ሸጡ። የተደረሰባቸው፣ ክሊፎርድ ስቶል የተባለ የከዋክብት ተመራማሪ በ1986 በካሊፎርኒያ በሚሠራበት ላቦራቶሪ የኮምፒዩተር ሒሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ጉድለት አይቶ ነገሩን ሳይሰለች በመከታተሉ ነው።

እነዚህን በዚያው አገር ከተፈጸመ ሌላ ሥራ ጋራ እናስተያይ። በ1984 በሐምቡርግ የካዎስ ኮምፒዩተር ክበብ አባሎች፣ የጀርመን ፖስታ ቤት አስተማማኝ ነው እያለ ያቀረበውን የኮምፒዩተር አገልግሎት ድክመት ለማሳየት፣ ከአንድ የቁጠባ ባንክ ሒሳብ ወደ 135,000 የሚጠጋ ማርክ በአንድ ሌሊት ወደራሳቸው አዛወሩ። በማግሥቱም ነገሩን ለሕዝብ ገልጠው ገንዘቡን መለሱ። የሁሉም ዕውቀት አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ሳይጠነቀቅ ለቀቀው፤ ሌሎቹ ሸጡት፤ እነዚህ ግን ያወቁትን በአደባባይ አወጡት። እንግዲህ ሀከርን ከሌባ የሚለየው ጥበቡ ሳይሆን ያገኘውን የት እንዳስቀመጠው ነው፤ በኪሱ ነው ወይስ በክፍት መሳቢያ? የሌላውን ሰው ደብዳቤ ለማንበብ የሚጥር ተማሪ ራሱን የነዚያ ወራሽ አድርጎ እንዳይቈጥር እንመክረዋለን። እንዲህ ያለውን ሥራ በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ይቀጣዋል፤ ከአዋጁም በፊት ጨዋነት ይከለክለዋል።

ታዲያ የጠፋው ምንድን ነው? በኛ አስተያየት የጠፋው ሁለት ነገር ነው፤ መሣሪያውን የመክፈት ልማድና የወጉ ቤት ባለቤትነት። ሁለቱም አንድ ሥር አላቸው።

ታላላቆቻችን በኢንተርኔት ካፌ ተሰልፈው፣ በደቂቃ እየከፈሉ፣ በያሁ ሜሴንጀር ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋራ ያወጉ ነበር። ያሁ የወግ ክፍሎቹን በ2012 ዘጋ፤ ሜሴንጀሩንም በ2018 ዘጋ። በአሜሪካ እጅግ የታወቀው ኤ አይ ኤም በ2017 ተዘጋ፤ በ1996 የተጀመረው አይ ሲ ኪው በ2024 ተዘጋ። ሚሊዮኖች ያወጉባቸው ቤቶች ኩባንያው ትርፍ የለውም ባለ ዕለት ጠፉ። በውስጣቸው የኖሩት ሰዎች አልተጠየቁም፤ ቢጠየቁም የቤቱ ጌቶች አልነበሩምና መልሳቸው ዋጋ አይኖረውም ነበር።

ከዚህ ጋራ በ2021 የሆነውን እናወዳድር። ፍሪኖድ የተባለው የነፃ ፕሮግራም ሠራተኞች የሚሰበሰቡበት የአይ አር ሲ መረብ በአንድ ባለ ገንዘብ እጅ ገባ። ያለ ደመወዝ ያገለግሉት የነበሩት ሰዎች በግንቦት ወር በአንድነት ለቀው ወጡና ሊበራ ቻት የተባለ አዲስ መረብ አቆሙ፤ ብዙ ክፍሎችም ተከተሏቸው። ይህን ለማድረግ የቻሉት ለምንድን ነው? ደፋሮች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። የቤቱ አሠራር ለሁሉም የታወቀ፣ ፕሮግራሙም ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ነው። ቤት መሥራት የሚያውቅ ሰው ከቤቱ ቢያስወጡት ሌላ ይሠራል፤ የማያውቀው ግን የሚለምነው አከራዩን ነው። ዛሬ የኛ የክፍል ቡድን፣ የማኅበራችን ውይይት፣ የፍቅር ደብዳቤያችን ሳይቀር የሚቀመጠው በማናውቀው አገር፣ በማናየው ኮምፒዩተር፣ ባላነበብነው ውል ነው። ኩባንያዎቹ ይህን ቦታ «ደመና» ይሉታል። አባቶቻችን ኩባንያዎቹን ሳያውቁ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ጨርሰውት ነበር።

ምናልባት አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው፣ እኛን አይነካንም ይሉ ይሆናል። ይነካናል። ኢንተርኔት በአገራችን ሳይከፈት በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለ የሥራ ክፍል ፊዶኔት በተባለ ዘዴ መልእክት ይልክና ይቀበል ነበር። ፊዶኔት በ1984 በአንድ አሜሪካዊ የግል ጥረት የተጀመረ፣ በፈቃደኞች የቆመ መረብ ነው። ደብዳቤው ይጠራቀምና በስልክ መስመር ባንድ ጊዜ ይተላለፋል። ድህነት ላለበት አገር የሚስማማ ብልኃት ነበር።

የፊደላችንም ጉዳይ አለ። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ የሚቀበለው የላቲንን ፊደል ብቻ ነበር። ስለዚህ በባዕድ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን አማርኛና ትግርኛ የሚጻጻፉበት «ሰራ» የተባለ ሥርዓት ተበጀ። በዚህ ሥርዓት በትንሹና በትልቁ የላቲን ፊደል መካከል ያለው ልዩነት «ተ»ን ከ«ጠ» ይለያል፤ በዚህ የተጻፈውንም ኮምፒዩተር ወደ ፊደል ይመልሰዋል። ከዚያም ብዙ ሰዎች ደክመውበት በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። ዛሬ በስልካችን ላይ «እንደምን አደርሽ» ብለን በገዛ ፊደላችን የምንጽፈው፣ መሣሪያው አማርኛ አያውቅም ሲባሉ «ከፍተን እናስተምረዋለን» ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። አገር የመሣሪያን ውስጥ የሚያውቅ ልጅ ከሌላት ቋንቋዋ ሳይቀር በሌላ ሰው ፈቃድ ያድራል። ከዚህ የበለጠ የሚነካን ምን አለ?

እንግዲህ ናፍቆታችን ወደ ሥራ ይለወጥ ዘንድ የሚቻለውን ብቻ እንጠቁም። በየትምህርት ክፍሉ ጓዳ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ተከምረው አቧራ ይጠጣሉ። ማኅበራችን እነዚህን በደብዳቤ ይጠይቅ፤ አንድ ክፍልም ይለምን። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቢያበላሽ የማይቈጡበት፣ በብሎን መፍቻ ከፍቶ የሚያይበት ክፍል ይሁን። ሴት እኅቶቻችን እንደ እንግዳ የሚጠሩበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ቁልፉን የሚይዙበት ይሁን፤ የዚያን ዘመን ነውር ከነናፍቆቱ አንወርስምና።

ከነዚያ ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ ሊኑክስና የአይ አር ሲ ፕሮግራም ቢጫን ለማኅበራችን የወግ ቤት ይበቃል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። የውጭው መስመር ሲቋረጥ እንኳ በግቢው መረብ ውስጥ ይሠራል። ሕጉን እኛው እናወጣዋለን፤ ተሳዳቢውን እኛው እንመክራለን፤ ኃላፊውንም በየዓመቱ እንመርጣለን። ራስን ማስተዳደር ለሚመኝ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አናውቅም።

መሳቢያውንም እንክፈት። በየዓመቱ ተመራቂው ወራት የደከመበትን ፕሮግራም በጥራዝ አስጠርዞ ያስረክባል፤ ጥራዙም ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀበራል፤ የሚቀጥለው ተማሪ ያንኑ ሥራ ከሀ ይጀምራል። ተመራቂው ሥራውን ሁሉም ሊያነበውና ሊያሻሽለው በሚችልበት ቦታ ቢያኖር፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የግቢያችን ዕውቀት እንደ «ስፔስዎር» ከዋክብት አንዱ ባንዱ ላይ ይጨመራል።

ጊዜ የለንም፣ ፈተና ደርሷል፣ መብራት ይጠፋል የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን የቲ ኤክስ ዜሮ ልጆችም ፈተና ነበረባቸው፤ ያገኙትም ሰው የተወውን የሌሊት ሰዓት ነበር። ይህች መጽሔትም የምትወጣው በማባዣ ነው። ቀለሟ እጅ ያቈሽሻል፤ ገጿም አንዳንድ ጊዜ ይደበዝዛል። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ስፌት በገዛ እጃችን ናት፤ ማባዣው ሲቆምም የሚጠግነው ከመካከላችን ነው። የኛን የወግ ቤት እንዲህ ብንይዘው ምን ይከለክለናል?

ጓደኞቻችን ሆይ፣ አረንጓዴውን ፊደልና የስልኩን ጩኸት ለፊልም ሠሪዎች እንተውላቸው። ያ ዘመን አይመለስም፤ ቢመለስም እኛን አያስገባንም ነበር። ሊመለስ የሚችለው ልማዱ ነው፤ እርሱም የሚጀምረው በብሎን መፍቻ ነው። ማኅበሩ ለክፍሉ መጠየቂያ የሚሆነውን ደብዳቤ እንዲጽፍ በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቡን እናቀርባለን። የሚደግፍ ይምጣ፤ የሚቃወምም ይምጣና ይከራከረን። ቀርቶ የሚተክዝ ግን ለወደፊቱ ትካዜውን በልቡ ይያዘው።